የደም ዓይነትና የሕዝቦች ትውልድ፤ ስለ ዶክተር ሙራንት ሠንጠረዦችና ስለ አነባበባቸው የቀረበ ሒስ

ስለ ሰው ልጅ የደም ዓይነቶች ሥርጭት ለማወቅ የሚሻ ተማሪ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቶሎ ከሚያገኛቸው መጻሕፍት አንዱ የዶክተር አርተር ሙራንት ሥራ ነው። «የሰው የደም ዓይነቶች ሥርጭት» የተባለው ይህ መጽሐፍ በ1954 ታተመ፤ በ1976 ደግሞ ዶክተር ሙራንት ከአዳ ኮፔችና ከካዚሚዬራ ዶማኒዬቭስካ-ሶብቻክ ጋራ ሆነው፥ በውርስ የሚተላለፉ ሌሎች ምልክቶችን ጨምረው፥ እጅግ አስፍተው እንደ ገና አወጡት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ ካረጀ ዛሬ ስለ ምን ይነሣል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚነሣበት ምክንያት የመጽሐፉ ቍጥሮች ከመጽሐፉ ወጥተው ብቻቸውን መሄድ ከጀመሩ ስለ ቈዩ ነው። ተማሪዎች በሚያቀርቧቸው ድርሰቶች ውስጥ፥ ስለ ሕዝቦች አመጣጥ በሚጻፉ መጣጥፎችም ውስጥ ሳይቀር፥ «የዚህ ሕዝብ ደም ከመቶ እንዲህ ያህሉ ኦ ነው፤ እንግዲያውስ የመጣው ከዚያ ነው» የሚል መደምደሚያ ይገኛል። ቍጥሩ ከማን ደም፥ በማን እጅ፥ በምንስ ስም ተመዝግቦ እንደ ተገኘ ግን አይጠየቅም። የዚህ ሒስ ዓላማ ይህን ጥያቄ ማቅረብ ነው።

አስቀድሞ ነገሩን በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። በቀይ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ ከስኳርና ከፕሮቲን የተሠሩ ልዩ ልዩ ምልክቶች አሉ፤ እነዚህም አንቲጂን ይባላሉ። የአንዱ ሰው ሴረም ከሌላው ሰው ቀይ ሕዋሳት ጋራ ሲደባለቅ፥ በሴረሙ ውስጥ ለምልክቱ ተቃራኒ የሆነ ፀረ አካል ካለ፥ ሕዋሳቱ ተያይዘው ይቋጠራሉ። ካርል ላንድሽታይነር ይህን በቪዬና ከተማ መርምረው፥ ሰዎች በደማቸው በሦስት ወገን እንደሚከፈሉ በ1901 ባሳተሙት ጽሑፍ አሳዩ፤ አራተኛው፥ ኤቢ የተባለው፥ በ1902 ተገኘ። በ1910 ደግሞ ኤሚል ፎን ዱንገርንና ሉድቪክ ሂርሽፌልድ ይህ ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ በሥርዓት እንደሚወረስ አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ አር ኤች፣ ዳፊ፣ ዲዬጎና ሌሎችም ተከታትለው ታወቁ፤ ዛሬ የተመዘገቡት የደም ዓይነት ሥርዓቶች ከ45 በላይ ናቸው። የአንድን ሰው የደም ዓይነት ምግብም ሆነ የአየር ጠባይ ስለማይለውጠው፥ የራስ ቅል በመለካት ለደከሙት ተመራማሪዎች የማይዋዥቅ ሚዛን መስሎ ታያቸው።

ሚዛኑን በሕዝቦች ላይ አስቀድመው በሰፊው የሞከሩት ሉድቪክና ሃና ሂርሽፌልድ ናቸው። እነዚህ ባልና ሚስት ሐኪሞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰሎንቄ ግንባር ከሰርቢያ ጦር ጋራ ሳሉ፥ ከየአገሩ ከመጣው ወታደር፣ ከምርኮኛውና ከስደተኛው ደም እየወሰዱ መርምረው፥ ውጤቱን በ1919 አሳተሙ። የተመረመሩት ሰዎች ከ8000 በላይ፥ የተመደቡባቸውም የሕዝብ ስሞች 16 ነበሩ። ከእንግሊዞች መካከል ከመቶ 43 ያህሉ ኤ፥ 7 ያህሉ ቢ ሲሆኑ፥ ከሕንዶች መካከል ግን 19 ያህሉ ኤ፥ 41 ያህሉ ቢ ሆነው ተገኙ። ይህ እውነተኛ ግኝት ነው፤ ከዚያ ወዲህም አልተሻረም።

ዳሩ ግን ደራሲዎቹ በዚህ አላበቁም። ኤ ያለባቸውን ሰዎች ሁሉ ቢ ላለባቸው ሁሉ አካፍለው «የዘር መለኪያ» ያሉትን አንድ ቍጥር አወጡ። የእንግሊዞች 4.5፥ የሕንዶች 0.5 ያህል ሆነ። ሴኔጋሎችና ቬትናሞችም ቍጥራቸው ከ1 በታች ስለ ሆነ ከሕንዶች ጋራ ተደምረው «እስያዊ-አፍሪካዊ» በተባለ አንድ ወገን ውስጥ ገቡ። ሴኔጋልንና ቬትናምን በአንድ ከረጢት የሚከት ሚዛን የሚመዝነው ምን እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ መጠየቅ ይገባ ነበር። የሒሳብ ሊቁ ፊሊክስ በርንሽታይን በ1924 ኤ፣ ቢና ኦ በአንድ ቦታ የሚፈራረቁ ሦስት የውርስ ቅርጾች መሆናቸውን ባስረዱ ጊዜ ያ መለኪያ መሠረት አልነበረውም። ሆኖም መለኪያው በቀላሉ አልሞተም። በ1926 ኦቶ ሬኼና ፓውል ሽቴፋን የጀርመንን የደም ዓይነት ምርምር ማኅበር አቋቍመው፥ ቢ የተባለውን ደም ከምሥራቅ የመጣ የባዕድ ዘር ምልክት አድርገው ለማሳየት ደከሙ። ሉድቪክ ሂርሽፌልድ ራሳቸው ከአይሁድ ቤተ ሰብ የተወለዱ ስለ ሆኑ በ1941 ወደ ዋርሶ ጌቶ ተጣሉ፤ በሕይወት የተረፉትም አምልጠው በመሸሸግ ነው። ይህን የምናነሣው ሳይንሱን በታሪክ ለመክሰስ አይደለም፤ የአንድ አካፋይ ምርጫ በሠንጠረዥ ላይ ሳለ ትንሽ ነገር ቢመስልም፥ ከሠንጠረዡ ሲወጣ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለማስታወስ ነው።

ዶክተር ሙራንት ከዚህ ወገን አይደሉም። በ1904 በጀርሲ ደሴት ተወልደው መጀመሪያ የተማሩት ኬሚስትሪንና የድንጋይና የምድር ጥናትን ነበር፤ ወደ ሕክምና የገቡት ዘግይተው ነው። በ1945 ከሮቢን ኩምብስና ከሮበርት ሬስ ጋራ ያወጡት የፀረ አካል መመርመሪያ ዘዴ እስከ ዛሬ በየሆስፒታሉ ይሠራበታል። ከ1946 እስከ 1965 በለንደን የደም ዓይነት ማመሳከሪያ ላቦራቶሪ ኃላፊ በነበሩበት ጊዜ ውጤት ከየአገሩ ወደ እርሳቸው ይጎርፍ ነበር። የመጽሐፉ ታላቅ ብርታት ከዚህ የመነጨ ነው። በእያንዳንዱ መስመር የሕዝቡ ስም፣ ቦታው፣ የመርማሪው ስምና የተመረመሩት ሰዎች ቍጥር ተጽፏል፤ የቀረበውም የዘር መለኪያ ሳይሆን የእያንዳንዱ ጂን ድግግሞሽ ነው። አንባቢ ከደራሲው አሳብ ጋራ ባይስማማ እንኳ ቍጥሩን ወስዶ በራሱ መንገድ ሊመረምረው ይችላል። ይህ የሊቅ ሐቀኝነት ነው፤ ከዚህ በታች የሚቀርበው ሒስም ይህን አክብሮት አይቀንስም።

የመጀመሪያው ጉድለት ከሠንጠረዡ በስተግራ ባለው ዓምድ፥ ማለት በሕዝቦች ስም ላይ ነው። በቀኝ ያሉት ዓምዶች እስከ ብዙ ነጥብ ድረስ የተሰሉ ናቸው፤ በግራ ያለው ስም ግን በአንድ ቃል ታልፏል። ጄኒ ባንገም በ2020 ባሳተሙት የታሪክ መጽሐፍ እንዳሳዩት፥ የዚህ ምርምር ብዙው ደም የመጣው በጦርነት ጊዜ ለቍስለኞች ደም ከሚያሰባስቡት ድርጅቶች ነው። ደም ለመለገስ የመጣ ሰው ስምና አድራሻ በካርድ ላይ ይጻፋል፤ ካርዱ ከብዙ ካርዶች ጋራ ሲደመር የአንድ «ሕዝብ» መረጃ ይሆናል። ከሌሎች አህጉር የመጣው ደም ደግሞ የወታደር፣ የበሽተኛ፣ የእስረኛና የተማሪ ደም እየሆነ፥ የገዢው መንግሥት ጸሐፊ በለመደው ስም ተመዝግቧል። እንግዲህ በስተግራ ያለውን ስም መመርመር የማን ሥራ ነው? የሐኪሙ ሥራ አይደለም፤ የሕዝቦችን አኗኗርና ሥርዐት የምናጠና የእኛ ሥራ ነው።

በአገራችን ያለውን ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። አማርኛ ትውልድን «ደም» ብቻ ሳይሆን «አጥንት» ብሎ ይጠራል። የአጽመ ርስት መብት፥ በ1975 የገጠር መሬት ዐዋጅ እስኪቀር ድረስ፥ በአባትም በእናትም በኩል ይቈጠር ስለ ነበር፥ አንድ ሰው በብዙ አቅኚ አባቶች ስም ድርሻውን ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ አለን ሆበን በ1973 ያሳተሙት ጥናት ይህን በጎጃም መርምሮ ያስረዳል። በኦሮሞ ሥርዐት በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ የአሳዳጊው ልጅ ነው፤ በሞጋሳ ደግሞ ባዕድ የሆነ ሰው፥ አንዳንድ ጊዜም ማኅበረ ሰቡ በሞላው፥ የጎሣውን ስም ተቀብሎ የጎሣው አባል ይሆናል። በሰሜኑ ክፍል የጡት ልጅ ከአብራክ ልጅ ተቈጥሮ የሚወረስበት ዘመን ነበር። እነዚህ ሥርዐቶች የትውልድን ሐሰት የሚያሳዩ አይደሉም፤ ትውልድ ማለት ምን እንደ ሆነ የሚወስኑ ሕጎች ናቸው። ስለዚህ ከ100 ሰዎች ደም ወስዶ በላዩ የአንድ ጎሣ ስም የሚጽፍ ተመራማሪ፥ የማኅበራዊ ውል ስም በአንቲጂን ድግግሞሽ ላይ ለጠፈ ማለት ነው። ሁለቱ ሊገናኙ ይችላሉ፤ መገናኘታቸው ግን መረጋገጥ አለበት እንጂ አስቀድሞ እንደ ተረጋገጠ ሊወሰድ አይገባም።

ሁለተኛው ጉድለት በካርታዎቹ ላይ ይታያል። የምድርን ንጣፍ ያጠኑት ዶክተር ሙራንት የጂን ድግግሞሽን የተራራ ከፍታ እንደሚሣል በመስመር ያሳያሉ። የአሜሪካና የአውስትራሊያ ካርታ ሲሣል፥ ኋላ የገቡት ሰፋሪዎች ተቀንሰው የጥንቶቹ ነዋሪዎች ብቻ ይቀራሉ። ደሙ የተወሰደው በሃያኛው መቶ ዓመት በሕይወት ከነበሩ ሰዎች ነው፤ የሚታየው ዓለም ግን ሰው ከቦታው ሳይንቀሳቀስ የኖረበት የአሳብ ዓለም ነው። ስለ ባስክ ሕዝብ የተባለው የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። በባስኮች ዘንድ አር ኤች ኔጌቲቭ እጅግ ብዙ፥ ቢ ደግሞ ጥቂት በመሆኑ፥ ዶክተር ሙራንት በ1947 ባስኮች የጥንታዊ አውሮፓውያን ቅሪት ናቸው የሚል አሳብ አቀረቡ። ቋንቋቸው ከጎረቤቶቻቸው የተለየ ስለ ሆነ አሳቡ በብዙዎች ዘንድ ተወደደ። ነገር ግን በ2015 በሰሜን እስፓንያ በአታፑዌርካ ከተገኘ የጥንት ሰዎች አጥንት የወጣው ዲ.ኤን.ኤ. ባስኮች ከሁሉ ይልቅ ከጥንቶቹ የኢቤርያ ገበሬዎች ጋራ እንደሚዛመዱ አሳየ፤ ከገበሬዎቹ በፊት የነበሩት የአዳኞች ንጹሕ ቅሪት ሆነው አልተገኙም። የደም ዓይነቱ ልዩነት እውነት ነው፤ የተነገረለት ታሪክ ግን ከምልክቱ የወጣ ሳይሆን በምልክቱ ላይ የተጫነ ነበር።

ሦስተኛው ጉድለት ከሁሉ የጠለቀ ነው። የደም ዓይነት የትውልድ ምስክር የሚሆነው፥ ለባለቤቱ የማይጠቅመው የማይጎዳውም ከሆነ ብቻ ነው። የሚጠቅም ወይም የሚጎዳ ከሆነ ግን ድግግሞሹን የሚወስነው የአያት ቅድመ አያት ታሪክ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው በሽታ ጭምር ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ ከመታተሙ አንድ ዓመት ቀድሞ፥ በ1953፥ ኢያን ኤርድና ባልደረቦቻቸው የጨጓራ ነቀርሳ ኤ ዓይነት ደም ባላቸው ሰዎች ላይ እንደሚበዛ አሳይተው ነበር። የአር ኤች ጉዳይም እንዲሁ የታወቀ ነው፤ አር ኤች ኔጌቲቭ የሆነች እናት አር ኤች ፖዘቲቭ ልጅ ስትፀንስ፥ መከላከያው መድኃኒት በ1968 በሥራ ላይ እስኪውል ድረስ፥ ኋላ የሚፀነሱት ልጆች ለሞት ይጋለጡ ነበር። ዶክተር ሙራንት ይህን ያውቃሉ፤ በባስክ ጥናታቸውም ላይ ራሳቸው ያነሡታል። ነገር ግን ወደ ሕዝቦች አመጣጥ ትርጓሜ ሲገቡ ምልክቱን ዝም ያለ ምስክር አድርገው ይወስዱታል።

የዳፊ አንቲጂን ይህን ከሁሉ ይልቅ ያስረዳል። አንቲጂኑ በ1950 በአንድ ሕመምተኛ ደም ውስጥ በተገኘ ፀረ አካል አማካይነት ታወቀ። በ1955 ሩት ሳንገር፣ ሮበርት ሬስና ባልደረባቸው በኒው ዮርክ ከሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን የሚበዙት ሁለቱም የዳፊ ምልክቶች በቀይ ሕዋሳቸው ላይ እንደሌሉ አሳተሙ። በምዕራብ አፍሪካ ምልክት የሌለው ሰው ከመቶ ወደ መቶ የሚጠጋ፥ በአውሮፓ ግን ከቶ የማይገኝ ያህል ስለ ሆነ፥ ብዙዎች ይህን «የአፍሪካ ደም» ፍጹም መለያ አድርገው ያዙት። በ1976 ግን ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቻቸው ቪቫክስ የተባለው የወባ ተሕዋስ ወደ ቀይ ሕዋስ የሚገባው ይህን አንቲጂን በር አድርጎ እንደ ሆነ አመለከቱ። አንቲጂኑ የሌለው ሰው በዚያ ንዳድ አይያዝም ተባለ። በ1995 ደግሞ ምክንያቱ በጂኑ መቀስቀሻ ላይ ያለች የአንዲት ፊደል ለውጥ መሆኗ ታወቀ፤ ለውጧም አንቲጂኑን ከቀይ ሕዋስ ላይ ብቻ ታጠፋዋለች እንጂ በሌሎች የሰውነት ክፍሎች እንዲሠራ አትከለክለውም። እንግዲህ በአፍሪካ ሰፊ ምድር ላይ ያለው የዳፊ አንድነት የአንድ አባት ልጅነት ምስክር ብቻ ሳይሆን የአንድ በሽታ የረጅም ዘመን ሥራ ጭምር ነው።

ነገሩ በዚህም አልቆመም። የዳፊ አንቲጂን የሌላቸው ሰዎች በቪቫክስ ሲታመሙ በ2010 በማዳጋስካር ጥናት በሰፊው ታየ፤ በ2013ም ከሐረርና ከጅማ አካባቢ ከመጡ ሕመምተኞች መካከል ይኸው መገኘቱ ታትሟል። ኢትዮጵያ በዚህ ምርምር ልዩ ስፍራ ያላት፥ ዳፊ ያለውና የሌለው ሰው በአንድ መንደር ጎን ለጎን የሚኖርባት፥ ቪቫክስም በሰፊው የሚገኝባት አገር ስለ ሆነች ነው። ደምን በዘር ስም ብቻ የሚመድብ ሐኪም ቢኖር «ይህ ሰው አፍሪካዊ ነውና ቪቫክስ አይዘውም» ብሎ በሽተኛውን ሊያሳስት ይችል ነበር።

አራተኛው ጉድለት የመጽሐፉ ሳይሆን የዘመኑ ነው፤ አንባቢ ግን ሊያውቀው ይገባል። በሴረም የሚመረምር ሰው የሚያየው የሕዋሱን ገጽ ነው፤ ከገጹ በስተኋላ ያለውን ጂን አያይም። በሠንጠረዡ ላይ «አር ኤች ኔጌቲቭ» የሚለው ቃል ለአውሮፓዊውም ለአፍሪካዊውም አንድ ነው። በአውሮፓውያን ዘንድ የዚህ ምክንያት ብዙውን ጊዜ የጂኑ ፈጽሞ መጥፋት ነው። በ2000 በታተመ ጥናት ግን 82 አር ኤች ኔጌቲቭ አፍሪካውያን ሲመረመሩ ጂኑ ፈጽሞ የጠፋባቸው ከመቶ 18 ያህሉ ብቻ ሆኑ፤ የሚበዙት ጂኑ ሳይጠፋ የተበላሸባቸው ነበሩ። አንድ ስም፥ ሁለት የተለያየ ታሪክ ማለት ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ኤና ቢ ከሰው ልጅ በፊት የነበሩ፥ ከሌሎች የዝንጀሮ ወገኖች ጋራ የምንካፈላቸው የጥንት ልዩነቶች መሆናቸውን በ2012 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ከሰው ልጅ መገኘት የሚቀድም ምልክት ትናንት የተለያዩ ሁለት ሕዝቦችን ዝምድና ብቻውን ሊፈርድ አይችልም።

እነዚህን አራት ነጥቦች ይዘን ስለ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ደጋግሞ ወደሚነገረው አሳብ እንመለስ። የኢትዮጵያውያን የዳፊና የሌሎች አንቲጂኖች ድግግሞሽ በምዕራብ አፍሪካና በአውሮፓ መካከል ስለሚውል፥ ሕዝቡ የሁለት ንጹሓን ዘሮች ድብልቅ ነው የሚል ትርጓሜ በልዩ ልዩ ጽሑፎች ተደጋግሟል። በቀይ ባሕር ማዶና ማዶ የተደረገ የሕዝብ እንቅስቃሴና መቀላቀል ነበረ፤ ይህን ቋንቋውም፣ ጽሕፈቱም፣ የጂን ጥናቱም ይመሰክራሉ። ነገር ግን መካከለኛ ቍጥር በመቀላቀል ብቻ አይመጣም። ወባ በሌለበት ደጋና ወባ ባለበት ቆላ መካከል የሚኖር ሕዝብ በበሽታ ምክንያት መካከለኛ ቍጥር ሊኖረው ይችላል። ጥቂት ሰዎች የመሠረቱት ማኅበረ ሰብ በአጋጣሚ ሊያገኘው ይችላል። ብዙ ልዩነት ከጥንት ጀምሮ በምድሩ የነበረበት ሕዝብም፥ ሌሎቹ ከእርሱ ተለይተው ሲሄዱ፥ ራሱ ሳይደባለቅ መካከል ላይ ሊቀር ይችላል። አራት መንገዶች ወደ አንድ ቍጥር ያደርሳሉ፤ በአንድ ምስክር ፍርድ አይጸናም።

በሌላ መንገድ መሥራት እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ በአገራችን አለ። በ1969 ጄፍሪ ሃሪሰንና ባልደረቦቻቸው፥ ዶክተር ሙራንትም ከእነርሱ አንዱ ሆነው፥ በሰሜን 3000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በደባርቅና 1500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በአዲ አርቃይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። እዚህ ላይ ጥያቄው «እነዚህ ሰዎች ከወዴት መጡ?» የሚል ሳይሆን፥ ከፍታው በሰው ሰውነት ላይ ምን ያደርጋል የሚል ነበር። ከደጋው ወደ ቆላው፥ ከቆላውም ወደ ደጋው የተዛወሩ ሰዎች ተለይተው ተመረመሩ፤ የሰውነታቸው መጠን፣ የሳንባቸው ኃይልና የደማቸው ዓይነት በአንድነት ተመዘገበ። ደም ከሌሎች ምስክሮች ጋራ ተሰልፎ በቀረበበት በዚህ ሥራ፥ ያው ሊቅ፥ ያው ላቦራቶሪ፥ ከሠንጠረዡ መጽሐፍ ይልቅ ለሕዝቦች ጥናት የሚበልጥ ፍሬ ሰጥተዋል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ይኸውም ብዙ አንቲጂኖች ተደምረው ቢታዩ ዘሮች ጥርት ብለው አይወጡምን? የሚል ነው። ዊልያም ቦይድ በ1950 ይህን ሞክረው የሰውን ልጅ በስድስት ዘሮች ከፈሉ። ስድስቱ ግን ከቀድሞው የአህጉር አከፋፈል እምብዛም አልራቁም፤ ሚዛኑ የነገራቸውን ሳይሆን እርሳቸው ለሚዛኑ የነገሩትን መልሰው የሰሙ ይመስላል። በ1972 ሪቻርድ ሌዎንቲን የደም ዓይነቶች የሚገኙባቸውን 17 የውርስ ምልክቶች ወስደው፥ ልዩነቱ የት እንዳለ አሰሉ። ከጠቅላላው ልዩነት ከመቶ 85.4 እጅ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል፥ 8.3 በአንድ ዘር ውስጥ ባሉ ሕዝቦች መካከል፥ 6.3 ብቻ በዘሮች መካከል ሆኖ ተገኘ። ጥቂቱ ልዩነት ብዙ ምልክቶች በአንድነት ሲታዩ ስለ ሰው መነሻ ቦታ ሊናገር እንደሚችል አይካድም፤ ይሁን እንጂ ይህ በሁለት ወይም በሦስት የደም ዓይነት ቍጥር የሕዝብን ታሪክ ለመጻፍ ፈቃድ አይሆንም።

ታዲያ ተማሪው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ፥ ከሠንጠረዥ ቍጥር ሲጠቅስ የተመረመሩትን ሰዎች ብዛት፣ ዘመኑንና ደሙ የተሰበሰበበትን መንገድ አብሮ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ የሕዝቡን ስም ከሰነድ ብቻ አይውሰድ፤ ሰዎቹ ራሳቸውን ምን እንደሚሉ፣ የጋብቻ ክልላቸው እስከ ስንት ቤት እንደሚቈጠር፣ ባዕዱን በምን ሥርዐት እንደሚቀበሉ ይጠይቅ። ሦስተኛ፥ አንቲጂኑ ከአካባቢው በሽታ ጋራ ግንኙነት እንዳለው ሳይመረምር የዝምድና ማስረጃ አያድርገው። አራተኛ፥ ደሙን የሰጠው ሰው የደሙን ዓይነት እንዲያውቅ ያድርግ። ይህ የመጨረሻው ከትሕትና የተነሣ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ አር ኤች ኔጌቲቭ መሆኗን ያወቀች እናት ልጇን ልታድን ትችላለችና የተመራማሪው ዕዳ ነው።

የዶክተር ሙራንት መጽሐፍ እንግዲህ ከመደርደሪያው ይውረድ አልልም። ዳግመኛ የማይሰበሰብ የብዙ ሺህ ሰዎች መዝገብ ነውና ይጠበቅ፤ ይነበብም። የሚነበበው ግን በሰንጠረዡ ቀኝ ያለው ቍጥር በግራው ካለው ስም ጋራ እየተመሳከረ ይሁን። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው የአበው ቃል ስለ ሰው ጠባይ የተነገረ ነው፤ በላቦራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ ስለሚቋጠሩ ሕዋሳት የተነገረ አይደለም። ደም በሚያስፈልግበት በሕሙማን አልጋ አጠገብ የሚመሳከረው አንቲጂን ነው እንጂ የጎሣ ስም አይደለም፤ ሐኪሙ ይህን መለየት ካወቀ፥ የሕዝቦች ጥናት ሊቃውንት ልናውቀው ይበልጡን ይገባናል።